ለ«ኦልድ» የተጻፉ ሰባት ካርዶች

የእንግሊዝኛው «ኦልድ» እኔ ላይ የወደቀው ማክሰኞ ጠዋት ነው። አለቃችን የምናዘጋጀውን የእንግሊዝኛና አማርኛ መዝገበ ቃላት የቃላት ዝርዝር ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አድርጎ፣ «ይቺን ቃል ላንተ ሰጥቼሃለሁ፤ ትግባባላችሁ» ብሎ ሳቀ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። አልሳቅሁም።

መዝገበ ቃላት ሠርቶ ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ «አሮጌ» ብሎ መገላገል ነው። ግን ጫማን አሮጌ ብትለው ዝም ይልሃል፣ ሰውን ብትለው ይቀየምሃል። የሦስት ዓመት ሕፃንም ዕድሜው የሚነገረው በዚሁ ቃል ነው፤ ምኑ አርጅቶ? የለቀቅኸው ቤት አምና የተሠራ ቢሆንም «ኦልድ» ነው። ወዳጅም «ኦልድ» ይባላል፤ እኛ ዘንድ ግን ወዳጅ ይቆያል እንጂ አያረጅም። ደግሞ እንግሊዞቹ ከሰው ስም በፊት የሚያስቀድሙት አለ፤ ሃያ ዓመት ያልሞላውንም ይሉታል፣ «አንተዬ» እንደማለት ያለ ፍቅር አለበት። እሱን ወደ አማርኛ ሳመጣው ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሰባት ትርጉም ቆጠርኩ፤ ሰባት ካርድ ማለት ነው።

በቢሯችን አሠራር አዘጋጁ ለያንዳንዱ ትርጉም አንድ ካርድ ይይዝና ከሥሩ አንድ ምሳሌ ይጽፋል። አራሚው ያየውና በቀይ እርሳስ የራሱን ምሳሌ ይጨምርበታል። ከዚያ አዘጋጁ ከሁለቱ የተሻለውን ያስቀርና ሌላውን ይሰርዛል። አለቃችን ግጥም አይወድም፤ «ሰው በእውነት የሚናገረውን ጻፉልኝ» ነው የሚለው።

የእኔ አራሚ ሴት ናት። ቢሮው በሙሉ «ቀይ እርሳስ» ይላታል፤ እርሳሱን ጸጉሯ ላይ ሰክታው፣ መሳቢያ ለመሳቢያ ስትፈልገው ትውል ነበር። ስድስት ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠን ሠራን። እናቷ ሲታመሙባት ልታስታምም ሌላ ከተማ ሄደች፤ ሦስት ዓመት ሆናት። ከዚያ ወዲህ ካርዶቹ በፖስታ ይመላለሳሉ። ትናፍቀኛለች። ቀና ባልኩ ቁጥር ወንበሯን አየዋለሁ፤ ሌላ ሰው ሲቀመጥበት ደግሞ ያለ ምክንያት እቆጣለሁ።

ይህን የምታውቀው አብራኝ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ብቻ ናት።

«አንተ፣ ለምንድነው የማትነግራት?»

«ይደርሳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«ያንተ እንቁላልማ ሸተተ፣ ወንድምዬ!»

በዚያው ማክሰኞ አለቃችን ሌላም ነገር ተናገረ። ከዚህ ፊደል በኋላ ሥራው ኮምፒውተር ላይ ይሆናል፤ ካርድ ይቀራል፣ ከሩቅ የሚያርም ሰውም አያስፈልግም። ስለዚህ ይህ ለእሷ የምልከው የመጨረሻው ጥቅል ነው። አሁን ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም።

ስድስቱን ካርዶች በደንቡ ሞላሁ። ለጫማው «ይህ አሮጌ ጫማ ውሃ ያስገባል» ብዬ ጻፍኩ። «የድሮ፣ የቀድሞ» የሚለውን ትርጉም ግን ሆን ብዬ ለመጨረሻ አቆየሁት። እንዲህ አልኩ፦ «የድሮ ባልደረባዬ ሁልጊዜ ትናፍቀኛለች፤ አግቢኝ ብላት እሺ ትለኝ ይሆን?» እንደ ሌባ ግራ ቀኝ እያየሁ ፖስታውን አሸግሁት። ቤት ስገባ ለእህቴ ነገርኳት። «ሰው በካርድ ሽማግሌ ይልካል?» ብላ በሳቅ ፈረሰች፤ ከዚያ ግን እንባ እንባ አላት።

ጥቅል በሳምንቱ ነበር የሚመለሰው። ይኸኛው አሥራ ሁለት ቀን ቆየ። በየጠዋቱ ጺሜን ተላጭቼ ደብዳቤ የሚቀበለው ሠራተኛ ዘንድ እሄዳለሁ። «ዛሬም የለም» ይለኛል፤ በኋላማ ገና ከበሩ ሲያየኝ ራሱን መነቅነቅ ጀመረ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን መጣ። ለብቻዬ ሆኜ ከፈትኩት። ጫማው ላይ በቀይ «አዲስ ግዛ እንጂ፣ አንተ ሰው!» ብላ ጽፋለች፤ ሳቅሁ፣ ድምፅዋን የሰማሁት ያህል ነበር። በመጨረሻው ካርድ ላይ ምሳሌዬን አልነካችውም። ከሥሩ የራሷን ጽፋለች፦

«የድሮ ባልደረባዬ እስኪጠይቀኝ ሦስት ዓመት ጠበቅሁ፤ ባለፈው ወር ሌላ ሰው ጠየቀኝና እሺ አልኩት።»

ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ሌላ ሰው መኖሩን እንደምንም እችለዋለሁ። መጠበቋ ነው የገደለኝ። ያን ሁሉ ጊዜ እዚያ ተቀምጣ ፖስታ ስትከፍት፣ እኔ ስለ ጫማና ስለ ወንበር እጽፍላት ነበር።

ደንብ ደንብ ነውና ከሁለቱ መምረጥ ነበረብኝ። ማስመሪያ አንስቼ የራሴን ሰረዝኩ። አለቃችን የቀረውን አነበበና፣ «ይሄ ነው ምሳሌ! ሰው በእውነት የሚናገረው ነገር» አለ። «አዎ» አልኩት፤ ካርዱን ከሌሎቹ ጋር በላስቲክ አሰረው።

ማታ ቤት ስገባ እህቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። ፊቴን አይታ ጥቅሉ መምጣቱን አወቀች።

«ምን አለች? እሺ አለች?»

«እሺ ብላለች» አልኳት።

ዘላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ተመስገን! ተመስገን!» እያለች ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ የትኛውን ክፍል እንደምትለቅልን ትናገራለች፣ ለመጋረጃው ቀለም ትመርጣለች። ለማን እሺ እንዳለች ወዲያው ልነግራት ይገባኝ ነበር። ግን እሺ ያለችው እኔን ቢሆን ኖሮ ቤታችን ምን ይመስል እንደነበር ጥቂት ማየት ፈለግሁ። እኔም አቀፍኳት። የነገርኳት ራት ከበላን በኋላ ነው።