የሱሪ እጥፋት

ማሳው ከሩቅ ሲያዩት ጥጥ የተበተነበት ይመስላል። ባቄላው አይታይም፤ ነጭ አበባ ያለው አረም ውጦታል። ተመራማሪዋ የመኪናዋን ሞተር ካጠፋች ቆይታለች፤ እጇ ግን መሪውን አልለቀቀም።

የዘረመል ምርመራው ውጤት ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ምርመራውን ሦስት ጊዜ ደጋግማ ሠርታዋለች፤ ሦስቱም ጊዜ ያው ነው። አረሙ ሁለት ወላጅ አለው፤ አንዱ ከሞቃት አገር፣ ሌላው ከብርዳማ ተራራ የመጣ። ለየብቻ ቢሆኑ እዚህ አይበቅሉም፤ አንዱን ውርጭ፣ ሌላውን ፀሐይ ይገድለዋል። ልጃቸው ግን ሁለቱንም ይችላል። ወላጆቹ የተገናኙት ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ እሷ በገዛ እጇ ባዳቀለችበት የምርምር የመስታወት ቤት።

ከሦስት ዓመት በፊት ከዚያ ቤት ወጥታ፣ ልብስ ሳትቀይር፣ ለምርመራ አፈር ልትወስድ እዚህ ማሳ ገብታ ነበር። «ሳትቀይሩ እንዳትወጡ» የሚለውን ማስታወቂያ በሩ ላይ የለጠፈችው ራሷ ናት።

የማሳው ባለቤት ሽማግሌ አረሙን እየገፉ መጥተው፣ በዚያው በአረሙ መካከል ወደ ግቢያቸው ይዘዋት ገቡ።

«ወረቀትሽ ምን አለ ልጄ? አንብቢልኝና ለዚያ ወንድሜ ፊቱ ላይ ልወርውርለት። ለከብትህ ድርቆሽ አመጣሁልህ ብሎ ይኸን ጉድ ዘራብኝ። ዓይንህን ላፈር ካልኩት ሁለት ዓመቴ። እናታችንን እንኳ ጀርባ ለጀርባ ቆመን ነው የቀበርናት።»

«ወንድምዎ አይደሉም» አለች።

«ታዲያ ማን ነው?»

ነፋስ ነው ልትል ትችላለች። ነፋስ አይከሰስም፤ ወረቀቱንም ከእሷ ሌላ የሚያነብ የለም። ፊቷ ጋለ።

ይህን ጊዜ የሽማግሌው ሚስት ተመራማሪዋ እግር ሥር ቁጢጥ ብለው፣ ሱሪዋ እጥፋት ላይ የተጣበቀውን እሾሃማ የአረም ፍሬ መልቀም ጀመሩ።

«እናቴ፣ ግድ የለም፣ ይተዉት!»

«ዝም በይ! እንዲህ ሆነሽ ሰው ፊት ልትቀርቢ ነው?» ሳቁ። «ሱሪሽ እኮ ማሳችንን ይዞብን ሊሄድ ነው።»

ፍሬውን ለቅመው ሲጨርሱ፣ መሬት ቢጥሉት ይበቅላልና መዳፏ ላይ አኖሩላት። ጨበጠችው። እሾሁ ወጋት፤ አልለቀቀችውም።

«አባቴ» አለች፣ አንገቷን ደፍታ፣ «ወንድምዎን ያስጠሩልኝ። እሳቸውም ባሉበት ነው የምናገረው።»

ሽማግሌው የተጨበጠ እጇን አዩ። ከዚያ ሱሪዋን። ቀስ ብለው ዞሩና፣ ወደ ወንድማቸው ቤት የሚወስደውን የእግር መንገድ በዓይናቸው ፈለጉት። ሁለት ዓመት ሙሉ የረገጠው የለምና ከዳር እስከ ዳር አብቦ ነበር።