ሬሳ አይከፍልም

አባቴ በሕይወቱ ዋሽቶ አያውቅም። ይህን የምለው ለማመስገን አይደለም። ሰው አንዳንዴ ትንሽ ቢዋሽ ምን ነበረበት እላለሁ፤ በተለይ ምስክር ሆኖ ሲቆም፣ በተለይ ደግሞ ለምስክርነት የጠራችው ጠበቃ ልጁ ስትሆን።

ከአብነት ወደ ጠመንጃ ያዥ የሚያሻግረው የሰፈራችን መንገድ እኔ ሳልወለድም ነበረ። ስንት ዘመን በጭቃ ተንቦራጭቀንበት፣ በኋላ ሰዉ አዋጥቶ ኮብልስቶን አስነጠፈው። ካቻምና አንድ ድርጅት መጣና አሰፋው፣ አስፋልት አለበሰው፣ በሁለቱም ጫፍ ኬላ አቆመበት። ከዚያ ወዲህ መኪና ይዞ የሚገባ ሁሉ ይከፍላል። በምን ሥልጣን ስንል ፈቃድ አለን አሉ። እውነትም አላቸው፤ የከተማው የመንገድ መሥሪያ ቤት ማኅተሙን አሳርፎ ለሃያ ዓመት ሰጥቷቸዋል። እግረኛ ስለማይከፍል አብዛኛው ጎረቤት ትንሽ አጉረመረመና ተወው።

ጋሽ ዱጉማ ግን የሚተወው ነገር አልነበረም። ጋራዡ ያለው ከሁለቱ ኬላዎች መሀል ነው። ደንበኞቹ የሚኒባስ ሾፌሮች ናቸው፤ ፍሬን ለማስጠበቅ ሲገቡ ከፍለው፣ ሲወጡ ከፍለው ማን ይዘልቃል? መጀመሪያ ላይ ለወዳጅነት ሲሉ መጡ። ቀስ በቀስ ቀሩ። ጋሽ ዱጉማ ሁለቱን ሠራተኞቹን አሰናበተ፤ ቀን ቀን በሩ ላይ ተቀምጦ ባዶውን ግቢ ያያል። ዕድሜው ወደ ስልሳ እየተጠጋ ነው፣ ከእጁ ሙያ በቀር ሌላ ነገር የለውም። ያ ጋራዥ ከተዘጋ እሱና ሚስቱ ሠርካዲስ የሚበሉት እንደሌለ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

እኔ ጋ መጣ። እዚያው ሰፈር፣ ከጋራዡ ፊት ለፊት ነው ያደግሁት፤ ስለዚህ የጥብቅና ሒሳብ የሚባል ነገር በመካከላችን አልተነሣም።

«ሰብለ፣ ልጄ፣ መንገድ ለሰው ይሰጣል እንዴ?» አለኝ።

ሕጉ ለጥያቄው እንደ እሱ ቀጥ ያለ መልስ የለውም። መንገድ የሁሉም ነው፣ አይሸጥም። ግን መንግሥት አንዱን የግል ድርጅት ሥራበትና አስከፍልበት ብሎ መፍቀድ ይችላል ወይ ሲባል ጠበቃም ዳኛም ይለያያል። ስለዚህ ክርክሬን የማያወላውል ነገር ላይ አስደገፍኩት። እንዲህ ያለ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ነገሩ የሚነካቸው ነዋሪዎች መሰማት አለባቸው። የእኛን ሰፈር ሰው ደግሞ ማንም አልሰማውም። መሥሪያ ቤቱ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ አምጣ ሲባል ማምጣት አልቻለም፤ እኔም በልቤ አለቀላቸው አልኩ።

የቀረኝ ምስክር ነበር። አባቴ ፈቃደ የሰፈሩ እድር ሊቀመንበር ነው፤ ሰዉ ለሠርጉም ለኀዘኑም፣ ለጠቡም ለዕርቁም የሚሄደው ወደ እሱ ነው። ከእሱ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል? ስለ መንገዱ ስብሰባ ተጠርታችሁ ታውቃላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ማንም ጠርቶን አያውቅም አለኝ። አልዋሸም።

ልደታ ያለው ችሎት በቀጠሮው ቀን ጢም ብሎ ነበር። አባቴ ለማርያም ንግሥ ብቻ የሚለብሰውን ሙሉ ልብስ ለብሶ ቆመ። የእኔን ጥያቄዎች ጥርት አድርጎ መለሰ፦ መንገዱ የሕዝብ ነው፣ ስብሰባ አልተጠራም። ጋሽ ዱጉማ ከኋላ ተቀምጦ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ መስቀለኛ ጥያቄ ለማቅረብ የድርጅቱ ጠበቃ ሙስጠፋ ተነሣ። ሙስጠፋ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ሽማግሌ አክባሪ ሰው ነው። የድርጅቱን ሰዎች አግኝተው ያውቃሉ ወይ ብሎ ጠየቀው።

«እንዴታ! የጎረቤታችን የማኑ እናት ያረፉ ጊዜ ለቅሶ ደርሰዋል፤ ድንኳን ገብተው ተቀምጠዋል» አለ አባቴ።

ተነሥቼ ተቃወምኩ፤ ዳኛው ይቀጥል አሉ። አባቴ የትልልቅ ሰዎችን ጨዋታ ያቋረጥኩ ይመስል በዓይኑ ገሠጸኝ።

ሙስጠፋ እዚያ ስለ መንገዱ ተነሥቶ እንደሆነ ጠየቀ።

«አንሥተዋል። አስፋልት ልናደርገው ነው፣ ኬላ ይኖረዋል፣ ምን ትላላችሁ አሉን። ለቅሶ የደረሰን ሰው ደግሞ አላናግርህም አይባልም። እኔም የእድሩን ነገር ነገርኳቸው። አስከሬን የያዘ መኪና ኬላ ላይ እንዳይቆም፣ ለቀስተኛ እንዳይከፍል፣ ድንኳን ስንተክል መንገዱ እንዲዘጋልን። አንገራገሩ። ሬሳ አይከፍልም፣ ከዚህ ወዲያ ወሬ የለም ብዬ ቁርጡን ነገርኳቸው። እሺ አሉ፤ እስከ ዛሬም ቃላቸውን አላጠፉም።»

ደረቱን ነፍቶ ነበር የሚናገረው። በዚያ ድንኳን ውስጥ ለሰፈሩ ትልቅ ነገር እንዳስገኘ ያምናል። ሙስጠፋ የተናገሩት አባላቱን ወክለው ነው ወይ አለው። እድሩን ከእኔ ሌላ ማን ይወክለዋል አለ። ከሳሹስ አባል ናቸው?

«ዱጉማ? አንድ ቀን ቀርቶ የማያውቅ፣ ጉድጓድ ሲቆፈር ቀድሞ የሚደርስ አባል ነው!»

ድጋሚ ጥያቄ ተፈቀደልኝ። ስለ ጋራዡ ያኔ ተነሥቶ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«በለቅሶ ላይ ስለ ጋራዥ ይወራል እንዴ?» አለኝ፤ በልጁ አፍሮ።

ፍርዱ አጭር ነበር። ነዋሪዎች እንዴትና የት ይሰሙ የሚለውን ሕጉ አልወሰነም፤ በእድራቸው ሊቀመንበር በኩል ተሰምተዋል፤ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጠዋል፤ ያስቀመጡት ቅድመ ሁኔታም ተፈጽሞላቸዋል፤ አቤቱታው ውድቅ ነው። ስህተት ፈልጌ ደጋግሜ አነበብኩት። አጣሁበት፤ ያንገበገበኝም እሱ ነው። ይግባኝ እንላለን አልኩት ጋሽ ዱጉማን። እስከዚያ በምን ልኑር አለኝ። በዚያው ወር ማሽኖቹን ሸጦ ጋራዡን ዘጋ።

እድሩ እሑድ ሲሰበሰብ እኔም ነበርኩ። ጋሽ ዱጉማ እጁን አውጥቶ ተነሣና ከእድሩ መውጣት እንደሚፈልግ ተናገረ። በእኛ ሰፈር ከእድር የሚወጣ ሰው ወይ ሞቷል፣ ወይ ሰፈር ቀይሯል። ሠርካዲስ አጠገቡ ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። አባቴ ደንግጦ ከወንበሩ ተነሣ፤ ምን ነካህ፣ ተቀመጥ እንጂ አለው።

ጋሽ ዱጉማ አልተቆጣም። እንደ ወትሮው ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

«ጋሽ ፈቃደ፣ ለሬሳዬ መንገድ ስላስከፈቱልኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለ። «እኔ ግን ገና አልሞትኩም ነበር።»

ሚስቱን ይዞ ወጣ። ማንም ተከትሎ አልመለሳቸውም።

ከአባቴ ጋር ወደ ቤት አዘገምን። ደጃፋችን ላይ ስንደርስ ቆመ፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ገባው ብዬም ነበር። ክንዴን ያዘኝ።

«አሁን ይሄ ሰው አንድ ነገር ቢሆን፣» አለኝ፣ «ማን ይቀብረዋል?»