የሻሽ ባሕር

ባሕሩ የሚስቱ ሻሽ ነበር። መምህር ወንዳወቅ ይህን የለየው የመጀመሪያውን ዳይስ ሊጥል እጁን ካነሣ በኋላ ነው። ለገና ከቡሬ ገዝቶ ያመጣላት፣ ያምሮት አንድ ቀን እንኳ ያላሰረችው ሰማያዊ ሻሽ፣ ከላህ ወንዝ በመጣው አሸዋ ጥግ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። የመምህር ቴዎፍሎስ ጀልባዎች ተደርድረውበታል።

"ይጣሉት እንጂ ጋሼ!" አለ ቴዎፍሎስ። "ዳይሱ በላብ ራሰ እኮ!"

ዙሪያውን የቆሙት መምህራን ሳቁ። ያምሮትም ሳቀች። ወንዳወቅ የሰማው የእሷን ብቻ ነው።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ታሪክ ሲያስተምር ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። በየዓመቱ ትምህርት ሊዘጋ ወር ሲቀረው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተባበሩት ጦር በጀልባ መጥቶ ኖርማንዲ ዳርቻ ላይ የወረደበትን ቀን ከታሪክ ክበቡ ጋር ጠረጴዛ ላይ ይደግመዋል። ከባሕር የሚወጣው ጦር በቆሎ፣ ዳርቻውን የሚጠብቀው ጀርመን ባቄላ ነበር። ማንም አልሳቀበትም። ዘንድሮ ግን ከመራዊ የሒሳብ መምህሩ ቴዎፍሎስ መጣ፤ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ሸሚዙን እስከ ክርኑ የሚጠቀልል። በመጣ በወሩ "በቆሎ እኮ ሰው አይሆንም" አለና ከሸክላ አፈር የጣት ጫፍ የሚያክሉ ሁለት መቶ ወታደሮች ሠራ። የቀባቻቸው ያምሮት ናት። አባቷ ግሽ ዓባይ የታወቁ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ፤ ቀጭን ብሩሽ መያዝን ከእሳቸው ወርሳለች። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ በዚሁ ክፍል ከቴዎፍሎስ ጋር ቀለም ስትቀባ ዋለች።

ወንዳወቅ ሦስቱንም ቅዳሜ ምሳውን ብቻውን በላ። ባለፈው ሰኞ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ቁጣው ገንፍሎ "ከተሸነፍኩ ክበቡንም የክፍሉንም ቁልፍ ውሰድ!" ብሎ ቴዎፍሎስ ላይ ፎከረ። ቁልፉ አሁን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል።

ዳይሱን ጣለ። ስድስት። አንዲት ጀልባ ከነሰዎቿ ከጨዋታው ወጣች።

እሱ ከሚጠብቀው የጀርመን ምሽግ አንድ ወታደር አንሥቶ ሲያይ ግን ደሙ ፈላ። ወታደሩ ያለው አንድ ዓይን ብቻ ነው። ሌላ አነሣ፤ እሱም አንድ ዓይን። የቴዎፍሎስን አየ፤ ሁሉም ሁለት ሁለት ትልልቅ ዓይን አፍጥጠዋል።

"ያምሮት፣ ይኼ ምንድን ነው?"

"ምኑ?"

"የእኔን ሰዎች አንድ ዓይና አደረግሻቸው!"

"ጠላት ናቸዋ!" አለች ያምሮት ግር ብሏት። "አባዬ ይሁዳንም ሰይጣንንም ሲሥሉ አንድ ዓይን ነው የሚሰጧቸው። እጄ የለመደው እሱን ነው። ጀርመኖቹን አንተ እንደምትይዝ ማን ነገረኝ?"

"ዐሥራ አንድ ዓመት የያዝኩት እነሱን ነው!"

"እኔ በምን ልወቅ? አንድ ቀን ነይና እዪ ብለኸኛል?"

 የንብረት ክፍሉ ጋሽ ትዕዛዙ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "መምህር፣ የዛሬው ጦርነት ከባሕሩ ጋር ነው ወይስ ከባሕሩ ባለቤት ጋር?" አሉ። ሳቁ ተመለሰ።

ቅናት ይኸው ነው፤ ሰው ራሱ ያልጠየቀው ነገር ለሌላ ሲሰጥ ያያል፣ ከዚያ ተሰረቅሁ ብሎ ይጮኻል።

ጨዋታው ቀጠለ። ቴዎፍሎስ ጎበዝ ነው፤ ወንዳወቅን ይበልጥ ያናደደውም ይህ ነው። በአምስት ዙር የጦሩን ግማሽ አሸዋው ላይ አወጣ። መትረየሱ ሲበረታበት ቁስለኛውንም ጤነኛውንም ውኃው ዳር ከቆሙት የእንጨት መሰናክሎች ጀርባ ሰብስቦ እጁን አጣጠፈ።

"አልንቀሳቀስም። ዙሩን አሳልፌያለሁ።"

"ከዚህ ዙር ጀምሮ ባሕሩ ይሞላል" አለ ወንዳወቅ።

"ይሙላ፤ ይመለስ የለ?"

ወንዳወቅ ገባው። ከስድስተኛው ዙር ጀምሮ ባሕሩ በየዙሩ አንድ ስንዝር ወደ አሸዋው ይገባል፤ ያገኘውን ያሰጥማል። ሕጉን የጻፈው ራሱ ነው፤ ቴዎፍሎስም አንብቦታል፤ ባሕሩ መቼ እንደሚመለስ ግን አልተጻፈበትም። ቴዎፍሎስ ደግሞ ባሕር አይቶ አያውቅም። እዚህ ክፍል ካሉት ማንም አላየም። የሚያውቁት የወንዝ ሙላት ነው፤ ደራሽ ይመጣል፣ ሰው ዳር ይዞ ይጠብቃል፣ ያልፋል። የባሕር ሙላት ለሰዓታት ቀስ በቀስ ይወጣል እንጂ እንዲህ አያልፍም። ወንዳወቅም ይህን ከመጽሐፍ ያገኘው ጨዋታውን በጀመረ በሦስተኛው ዓመት ነው። ለተማሪ ቢሆን ኖሮ ይነግረው ነበር።

የሻሹን ጫፍ ይዞ አንድ ስንዝር ሳበ። ባሕሩ መሰናክሎቹ ሥር ደረሰ።

"አሁን ይጎድላል" አለ ቴዎፍሎስ፤ እንደገና ዙሩን አሳለፈ።

ወንዳወቅ እንደገና ሳበ። ስልሳ ሁለት ወታደሮች ከነዓይኖቻቸው ሻሹ ሥር ገቡ።

"እንዴ! አይመለስም?"

"ባሕር ላህ አይደለም። የሚመለሰው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው።"

ቴዎፍሎስ ጠረጴዛውን አየ፤ የተረፈው ጦር ምሽጉን የሚነካ አይደለም። "ያውቁ ነበር አይደል?" አለ ቀስ ብሎ።

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ አይነግሩኝም ጋሼ? አስተማሪ አይደሉም እንዴ?"

 ቴዎፍሎስ ቁልፉን በጣቱ ገፍቶ ሰጠው። ማንም አላጨበጨበም። መምህራኑ አንድ በአንድ ወጡ።

ያምሮት የሻሹን ጫፍ ገልጣ የሰጠሙትን ማውጣት ጀመረች፤ የእያንዳንዱን ፊት አሸዋ እፍ ብላ እያራገፈች። ወንዳወቅ ጨዋታው ሲያልቅ ሻሹን አጣጥፎ ቤቱ ሊወስደው ከጠዋት ጀምሮ ወስኖ ነበር። እጁን ዘረጋ።

"ልትወስደው ነው?" አለች ቀና ሳትል።

"ያንቺ ነው። አላሰርሽውም እንጂ።"

"ለፊቴ ቀለሙ አልሆነኝም። ለባሕር ግን ሆነ።"

እጁን ሰበሰበ። ቁልፉን ግን ኪሱ ከተተ፤ እሱንስ አይለቅም። በሩ ላይ የደረሰውን ቴዎፍሎስን "ቅዳሜ ሦስት ሰዓት እከፍታለሁ፤ እንዳትዘገይ" አለው፣ ፊቱን ሳያይ። ኪሱ ውስጥ ጣቱ ከአምና የተረፈች የበቆሎ ፍሬ ነካ። አውጥቶ ያምሮት ፊት አሸዋው ላይ አኖራት።

"ይችን ትሥይልኛለሽ?"

ያምሮት ፍሬዋን አየች፤ ከዚያ እሱን። ብሩሹን አነሣች።

"አንድ ዓይን ነው ሁለት?"

ወንዳወቅ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

"ለጊዜው አንድ ይበቃኛል" አለ።