ያረፈው ሣር

ዘሪቱ የበቅሎዋን ጆሮ ይዛ ትጎትታለች፤ በቅሎዋ ግን ንቅንቅ አልል ብላለች። አፏ ሙሉ ሣር ነው፤ ያውም እንዲያርፍ የተተወው ሣር።

«ማን አስገባት?»

ባሏ እንዳላማው አጥሩ ጋ ቆሞ እሾኹን በእግሩ ይነካካል። «የመምሬ ወልደ ሰንበት በቅሎ ናት እኮ።»

«የማን ናት አላልኩህም። ማን አስገባት ነው ያልኩህ።»

«ታዲያ የንስሐ አባታችንን እምቢ ልበል?»

«ትናንት የክርስትና ልጅህ ላም፣ ከትናንት ወዲያ የአክስትህ ጥጃ። አንተ እኮ ጣልያን ራሱ ቢመጣ እንግዳ ነው ብለህ ታስገባዋለህ።»

እንዳላማው ሳቀ። የሚያናድዳት ይኼው ሳቁ ነው።

ከቤታቸው በታች፣ ምንጩ ዳር ያለችው ጨፌ ትንሽዬ ናት። ዘሪቱ በእሾህ አጥር ሦስት ቦታ ከፍላታለች። ሰንጋቸው ዳልቻ አንዱን ሲግጥ ሁለቱ ያርፋሉ፤ እሱን ሲጨርስ ወደሚቀጥለው ይዛወራል። ይህን ያስተማሯት ሟች አባቷ ናቸው፤ «ሣርም እንደ ሰው እንቅልፍ ይፈልጋል» ይሉ ነበር። የእሳቸው ሙት ዓመት ደግሞ ከቅበላ በፊት ሊወጣ ነው፣ የሚታረደውም ዳልቻ ነው። ካልሰባ ሰው ምን እንደሚል ታውቃለች፤ «የአባቷን ተዝካር በአጥንት አወጣች» ነው የሚለው።

መጀመሪያ መንደሩ «ዘሪቱ ለሣር አልጋ አነጠፈች» እያለ ሲስቅባት ከርሟል። ጥር ገብቶ የሰው መስክ እንደ ቁርበት ሲደርቅና የሷ አረንጓዴ ሲሆን ግን ሳቁ ቀረ። ሁሉም ከብቱን እየነዳ መጥቶ እንዳላማውን ይለማመጠው ጀመር። እንዳላማው ደግሞ እምቢ ማለት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

በቅሎዋን እንደምንም አስወጥታ እሾኹን ስትደፍን ጎረቤቷ ወለተ ኪዳን ከይጁቤ ገበያ እያለከለከች መጣች። የገዛችውን ጨው እንኳ ቤት አላስቀመጠችም።

«ዘሪቱ፣ ጉድሽ ፈላ። ከደብረ ማርቆስ ምሽግ የጣልያን ወታደሮች ወጥተዋል፤ ባንዳ ይመራቸዋል። የሰባ በሬ ነው የሚፈልጉት። ነገ በዚህ ያልፋሉ።»

«ዳልቻን ቆላ አወርደዋለኋ፣ ወንድሜ አወቀ ጋ» አለ እንዳላማው።

«በሬውን መች ይፈልጋሉ፤ ሣሩን ነው የሚያዩት። እዚያ ማዶ አንዱ ሰውዬ በሬውን ደብቆ ነበር። አረንጓዴ መስኩን ከመንገድ አይተው ‹ይህን የሚበላው የት አለ› ብለው እየገረፉ አስመጡት።»

ሦስቱም ዞረው ዳገቱ ላይ ያለውን መንገድ አዩ። ከዚያ ጨፌዋን አዩ። በዚያ ሁሉ ደረቅ መስክ መሃል፣ ነጭ ነጠላ ላይ እንዳለ ጥለት ቁልጭ ብላለች።

ዘሪቱ ድንጋይ ላይ ዝርፍጥ አለች። ክረምቱ ከወጣ ጀምሮ እሾህ ስትቆርጥ፣ እጇ ሲደማ፣ ከዚህ ሰውዬ ጋር ስትጨቃጨቅ የከረመችው ለዚህ ነው? እንደ ሰዉ ዝም ብላ አስግጣው ቢሆን ዳልቻም ከስቶ በሰላም ይኖር ነበር። በጣልያን ተናደደች፣ በሣሩም ተናደደች፣ በአባቷም ትንሽ ተናደደች።

«ዳልቻን አሁኑኑ ይዤ ልውረድ» አለ እንዳላማው።

«ሣሩንስ? እሱንም እየነዳህ ታወርደዋለህ?»

እንዳላማው አሁን ግን አልሳቀም።

ዘሪቱ ተነሥታ አሁን የደፈነችውን እሾህ ጎትታ ጣለችው። በቅሎዋ ማንም ሳይጠራት ገባች። ዘሪቱ ወደ ቀጣዩ አጥር ሄደች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«አንተ ውረድ። ስትሄድ በየደጁ ተናገር፣ ከብት ያለው ሁሉ ይዞ ይምጣ። ሳይመሽ አፈሩ መታየት አለበት። የክርስትና ልጅህን ላም ደግሞ እንዳትረሳ።»

እንዳላማው ዳልቻን እየነዳ ወረደ። ብዙም ሳይቆይ የመንደሩ ከብት ጨፌዋን ሞላው። ዘሪቱ ማየት አልፈለገችም፤ ጀርባዋን ሰጥታ እሾኹን ትሰበስባለች።

«ይህን እንኳ ለማገዶ ልውሰደው» አለች ወለተ ኪዳን።

«አትንኪው» አለች ዘሪቱ። «ሥሩን አይበሉትም። ሰዎቹ ካለፉ መልሼ አጥራለሁ።»

እሾኹን ጠቅልላ ተሸከመችና ከጎተራው ጀርባ ደረደረችው።