ለእናቴ ቀብር የተቀመጠው ሃም

በከተማችን ከቀብር መልስ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ፣ ዳቦ ላይ ተቀብቶ የሚቀርበውን ሃም የምትሠራው እናቴ ቬርና ነበረች። ሃሙን፣ ያን በጨው የቆየ የአሳማ ጭን፣ በእጅ መፍጫዋ ትፈጫለች፣ ኮምጣጤ ውስጥ የቆየ ጣፋጭ ኪያር ከትፋ ትጨምራለች፣ በማዮኔዝና በትንሽ ሰናፍጭ ትለውሰዋለች። ሌሎቹ ሴቶች ሃም ሲወደድባቸው በርካሹ ሞርታዴላ ይሠሩና ያው ሃም ይሉታል። እሷ ይሄን እንደ ስድብ ነበር የምታየው።

«ሞርታዴላና ሃም የማይለይ ምላስ ምን ሊሠራ ተፈጠረ?» ትል ነበር።

እጇ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ የምድር ቤቱን ኩሽና የምታዘው ሎሪን፣ «አንቺ ደግሞ አረፍ በይ ቬርና። ጣትሽን ፈጭተሽ ልታበዪን ነው?» አለቻት። ሴቶቹ ሳቁ። እናቴም አብራ ሳቀች። መፍጫዋን እዚያው ትታ መጣች። ከዚያ ወዲያ ሰው ሲሞት የሚደውልላት አልነበረም፤ እሷ ግን ስልኩ አጠገብ እየተቀመጠች ትጠብቅ ነበር። አንድ ቀን፣ ያልተቆረጠ ሙሉ ሃም ገዝታ በረዶ ቤት ከተተችና፣ «ይሄ ለኔ ቀን ነው። በኔ ላይ ሞርታዴላ እንዳያቀርቡ» አለችኝ። እሺ አልኳት።

በሞተች ማግስት ሃሙን ታቅፌ ሎሪን ቤት ሄድኩ።

«እትዬ ሎሪን፣ ይሄ ለነገው ምሳ እንዲሆን...»

«ሐዘንተኛ ለቀብር ምሳ አያዋጣም፣ የኔ ልጅ። ይሄን ያስተማረችን ራሷ እናትሽ ናት።»

«እኔ አልነካውም፣ እናንተ ሥሩት። አደራ ብላኝ ነው።»

«እኛማ ፈጭተን፣ ለውሰን ጨርሰናል። ደግሞ ይሄ ድንጋይ ለነገ ይቀልጣል? ውሰጂውና ትንሽ ተኚ፣ ዓይንሽ አብጧል።»

«የፈጫችሁት ምንድን ነው?»

«ሥጋ ነዋ» አለችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ሃሙን ቤት ወስጄ የዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ተውኩት።

ከቀብሩ ስንመለስ ምድር ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ሳህኑ ላይ ያለውን ቀለሙን አይቼ አወቅሁት፤ ሞርታዴላ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሥጋ ሲሸጥ የኖረው ኦርቪል አፉን ሞልቶ ወደኔ መጣ።

«ይሄ የቬርና እጅ ነው። ሌላ ሰው እንዲህ አይሆንለትም» አለኝ፤ እንባው ቅርር አለ።

«ያሠለጠነችን እሷ አይደለች?» አለች ሎሪን፤ ሌላ ጨመረችለት።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ሁሉም አዝነውልኝ ያዩኛል። «አመሰግናለሁ» አልኩ።

ቤት ስገባ ሃሙ ቀልጦ ውሃው ከሥሩ ተጠራቅሟል። ከቀለጠ መልሶ ማቀዝቀዝ አይሆንም። መፍጫው እነሱ ጋ ስለቀረ በቢላ አድቅቄ ከተፍኩት፣ ኪያሩንም ማዮኔዙንም ልክ እንደሷ አደረግሁ። ብስኩት ላይ ቀብቼ ቀመስኩ። ከዚያ ሎሪን ጠቅልላ ቦርሳዬ ውስጥ የከተተችልኝን ዳቦ አወጣሁ። አንዱን ጎረስኩ፣ ከዚያ ሌላውን። ዓይኔን ጨፍኜ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

የሎሪን ዳቦ እስኪያልቅ ድረስ እያፈራረቅሁ ቀመስኩ። ልለያቸው አልቻልኩም።