ሽጉጧ የማን ናት?

«ለሴት ለቅሶ ሽጉጥ? አብደሃል እንዴ አያ ደሞዝ!»

የሟች ሚስቱ የየብርጓል እኅት የሺአረግ ነበረች፣ በሹክሹክታ የምትጮኸው። በእጇ የእኅቷን ጥልፍ ቀሚስ ይዛለች። በሣልስት ለወንድ ጠመንጃው፣ ለሴት ቀሚሷ ወጥቶ እንደሚለቀስበት የጣና ዓሣ እንኳ ያውቃል።

«ደግሞ የቀበሌው ሊቀመንበር ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። እሱ ፊት መሣሪያ ይዘህ ልትወጣ? እኅቴን ቀብሬ ሳልጨርስ አንተን ልቅበር?»

ደሞዝ ጋቢውን ጠበቅ አደረገ። ባሕር ዳር ከተቆረቆረች ወዲህ ደሞዝ መልስ ሲያጣ ይህ ሁለተኛው ነው።

በጋቢው የሸፈናት የእንግሊዝ ፈረሰኛ ሽጉጥ ናት፤ በባልጩት እሳት የምትተኩስ፣ ሰደፏ ናስ፣ የመድፍ ግልገል የምታህል። እሱ ሲያወራላት፣ የእንግሊዝ ንግሥት ሰባት ባሕር አሻግራ ለቅድመ አያቱ የላከቻት ናት። አንድ ጊዜ ከባሕር ዳር ቢተኩሳት ጎርጎራ ላይ ጉማሬ ወደቀ፤ ጭሱ ፀሐይዋን ጋርዶ ዶሮ በእኩለ ቀን ቆጥ ላይ ወጣ። ሰው ሲስቅበት ወደ ሚስቱ ዞር ይል ነበር።

«የብርጓል፣ ዋሸሁ?»

«ኧረ አልዋሸህም፤ እንዲያውም ጉማሬዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱን ረስተኸው ነው።»

በደርግ ጊዜ፣ በቤት ለቤት አሰሳው ዓመት ይህ ጉራ አብዮት ጠባቂዎችን ጎትቶ አመጣ። «ጉማሬ የገደልህበትን መሣሪያ አምጣ!» አሉት። በዚያ ዘመን መሣሪያ ደብቆ የተገኘ ሰው ሄዶ አይመለስም። ደሞዝን ለመጀመሪያ ጊዜ ምላሱ ከዳው። የብርጓል ግን ሽጉጧን ጎታ ሥር ከተደበቀችበት አውጥታ፣ ሰደፏን የበርበሬ ድቁስ ውስጥ ነክራ፣ በአፈሙዟ አንጠልጥላ ብቅ አለች።

«ይችን ነው ጓዶች? በርበሬዬን ልጨርስና ውሰዷት። ባሌማ ዶሮ ሲታረድ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነው፤ የምን ጉማሬ!»

ከጠባቂዎቹ አንዱ ተቀብሎ አሸተታት። ማስነጠሱ መራዊ ድረስ ተሰማ። ጓደኞቹ በሳቅ ወደቁ፤ ሽጉጧንም ባሏንም ትተዋቸው ሄዱ። የብርጓልም ነገሩ ውሸት እንዳይሆንባት ከዚያ ቀን ጀምራ በእውነት በርበሬ ትወቅጥባት ጀመር። ደሞዝ ደግሞ ጉራውን ሲቀጥል «ሁለት ናቸው» ማለቷን አልተወችም።

ለሁሉ ነገር ቃል የሞላለት ሰው፣ ለዚያ ውለታዋ ቃል ሲፈልግ ኖረ።

አሁን ድንኳኑ መሐል ገብቶ ሽጉጧን ከፍ አደረጋት። ሙሾው ቀጥ አለ። ሊቀመንበሩ አንዳርጋቸው ከመቀመጫው ተነሣ።

«አቶ ደሞዝ! ይህች መሣሪያ የማን ናት?»

ሰው ሁሉ የእንግሊዝን ንግሥት ጠበቀ።

«የየብርጓል» አለ ደሞዝ። «እኔ አንድ ቀን አልተኮስኋትም። ባልጩትም የላት። ጉማሬም አልገደልሁ። እሷ ግን በዚህች ነፍሴን አተረፈች። ከፈለጋችሁ እሰሩኝ፤ ብቻ ለሚስቴ እንደ ጀግና አልቅሱላት!»

አንዳርጋቸው ሽጉጧን ተቀበለ። አገላብጦ አያት፤ ወደ አፍንጫው አስጠጋትና ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ያኔ ያነጠስሁት እኔ ነበርሁ» አለ። «ማጀት ውስጥ በርበሬ የሚወቀጥበት ዕቃ ቀበሌ አይመዘግብም።» በሁለት እጁ መለሰለት።

የሺአረግ ቀሚሱን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ሽጉጧን ከደሞዝ እጅ ነጠቀችና የአልቃሾቹን ክብ ሰንጥቃ ገባች፦

«ወንዱ በጥይቱ ጠላቱን ገደለ፤
በየብርጓል ድቁስ ሞትም ኮበለለ!»

ድንኳኑ እየሳቀ አለቀሰ። ጣና በዚያ ቀን አንድ ክንድ ጨመረ፤ የነበረ ሰው ይመስክር።

ደሞዝ ግን አልፎከረም። ጌታው ፊት እንደሚቆም የጥንት ሰው ጋቢውን አደግድጎ ያኔ የብርጓል ሽጉጧን አንጠልጥላ ብቅ ወዳለችበት የቤቱ በር ዞረ፤ ግንባሩ መሬት ሊነካ እስኪደርስ ጎንበስ ብሎ፣ አንዲት ቃል ሳይጨምር፣ እጅ ነሣ።