ለቅሶ የማትደርሰው ሥርጉት

ጎረቤላ ላይ ሌባ እንኳ ይቅር ይባላል፤ ለቅሶ የማይደርስ ሰው ግን ይቅርታ የለውም። ሥርጉት ከወለጋ ተፈናቅላ፣ ደብረ ብርሃን መጠለያ ሁለት ክረምት ከርማ፣ ወደ ትውልድ አገሯ ጎረቤላ ከተመለሰች ወዲህ አንድም ቀብር አልቆመችም።

«ኮርታ ነው» አሉ። ኩራቱንስ ኩሩ ናት፤ ለእርዳታ ስንዴ የተሰለፈችው እንኳ አንገቷን ቀና አድርጋ ነው። የምትፈራው ግን ሬሳውን አይደለም፤ ተኩሱን ነው። በዚያ አገር የተከበረ ሰው ሲሞት ጠመንጃ ይተኮስለታል። ይህን ደግሞ ለማን ይነግሩታል? ጠጉሯ የሸበተ ሴት ጥይት ፈራሁ ብትል መሣቂያ ናት።

በጥቅምት አቶ ወልደኪዳን ሞቱ። ባዶ እጇን ስትመጣ በግቢያቸው ማደሪያ የሰጧት እሳቸው ነበሩ። የእድሩ ዳኛ ካሴ ደጇ ላይ ቆመ።

«ዛሬ ከቀረሽ ከእድሩ ወጥተሻል። ቀባሪሽን ከወዲሁ ፈልጊ።»

«ግድ የለህም፤ ካልተሸከማችሁኝ በእግሬ እሄዳለሁ» አለችው።

አፏ እንዲያ ይበል እንጂ፣ ያለ ቀባሪ መቅረት ምን እንደሆነ በዓይኗ አይታለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች።

ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ የሟች ሚስት ዘርትሁን ደረቷን እየደቃች ታለቅሳለች። ሥርጉት ሄዳ ከጎኗ ቆመች። ያኔ አንዱ ዘመድ ጠመንጃውን ወደ ሰማይ ተኮሰ።

ሥርጉት ባልቴቷን ከወገቧ ይዛ መሬት ላይ ደፋቻት፤ ተኛችባት፤ አፏን በመዳፏ ግጥም አድርጋ ያዘች። «ዝም በይ ልጄ፣ ይሰሙሻል። ትንፋሽሽን ዋጥ አድርጊው።»

ለቅሶው ቀጥ አለ። ሦስት ወንዶች ተጋግዘው አላቀቋት። አንዷ «ዛር ነው» አለች፤ ሌላዋ «ጠበል ይውሰዷት»። ያልደረሰበት ሁሉ ሐኪም ነው።

አራት ቀን በሯን ዘግታ ዋለች። ከግቢው እንደሚያስወጧት አላጣችውም፤ ልብሷን በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥራለች። በአምስተኛው ቀን ዘርትሁን ራሷ ገባች፤ ጥቁር ለብሳ፣ ፊቷ ተቧጥጦ።

«አፌን አፈር አስበላሽው» አለች።

«አዎ። ይኸው ጠቅልያለሁ፤ እወጣልሻለሁ እትዬ ዘርትሁን።»

«የት ልትሄጂ? ቁጭ በይ። ካሴን ለኔ ተዪው። ይልቅ ልጄ ያልሽው ማንን ነው?»

ሥርጉት ከረጢቷ ላይ ተቀመጠች።

«ማርያማዊትን። በቆሎ ውስጥ ተደብቀን ነበር። ተኩሱ ሲቀርብ ጮኸች። እጄ አፏ ላይ አልደረሰላትም። ዛሬም በር ጓ ሲል እዚያው በቆሎ ውስጥ ነኝ። ማስታወስ አይደለም እትዬ፤ እዚያው ነኝ።»

«ቀበርሻት?»

«ጥዬ ሮጥሁ።»

«ለቅሶዋን ማን ተቀመጠ?»

«እዚህ ማን ያውቃታል?»

ዘርትሁን የገዛ ሐዘኗ ደጅ እየጠበቃት መሬት ላይ ተቀመጠች። «ማርያማዊት» ብላ በስሟ ጠርታ፣ መልኳን ላላየቻት ልጅ ሙሾ አወጣች፤ እናትየዋ እንዳትበረግግ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ሥርጉት አብራት ልታለቅስ ሞከረች። እንባው እምቢ አለ። ዘርትሁን የልጇን ለቅሶ ስታለቅስላት፣ እሷ ጆሮዋን አቁማ በሩን ትጠብቅ ነበር።